ከቆላ የሚደወለው ስልክ

ገና ጎሕ ሲቀድ ስልክዎ ይጮሃል። ለፈተና ሲያጠኑ ወይም ከመሥሪያ ቤት ያመጡትን ፋይል ሲያገላብጡ አምሽተዋልና እንቅልፍዎን ገና አልጠገቡም። አንሥተው ቢመለከቱ «እማዬ» የሚል ጽሑፍ ያበራል። አንባቢ ሆይ፥ በዚህን ጊዜ ምን ያደርጋሉ? ብዙ ወጣት የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ ድምፁን አፍኖ ወደ ግድግዳው ይዞርና «በኋላ እደውልላታለሁ» ይላል። ያ በኋላ የተባለውን ሰዓት ደግሞ ቁርስ፥ ታክሲ፥ ትምህርት፥ የአለቃ ቁጣና የጓደኛ ጨዋታ ይሻሙበትና ሳይደርስ ይመሻል። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ስልኩ እንደ ገና ይጮሃል።

ይህች ጽሑፍ ስለዚያች ጥሪ ናት። ስለ ወላጅ ፍቅር በጠቅላላው ለመስበክ አላሰብንም፤ እርሱን የሚያውቁበት ሰዎች አሉ። እኛ አንድ አገር ይዘን፥ ከዚያ አገር የሚደወል ስልክ ምን ምን ጭኖ እንደሚመጣ እንመለከታለን። አገሩም ሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ ያለው የይፋት ቆላ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የደሴን መንገድ የያዘ ሰው ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ብርድና ጭጋግ ውስጥ ይገባል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በፈለፈሉት ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወርድ ካፖርቱን ያወልቃል፤ አርማንያን አልፎ ሮቢት ሲገባ ደግሞ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናትና ሰው በጥቂት ሰዓት መንገድ ከጋቢ ወደ ነጠላ ይሸጋገራል። ማሽላና ጤፍ፥ ማሾና ሽንኩርት፥ ማንጎና ፓፓያ የሚበቅልባት አገር ናት። ከዚህ ቆላ የተነሣ ልጅ ትምህርቱ ሲገፋ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወይ ወደ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ፥ ወይ ወደ አዲስ አበባ፥ ወይም ዕጣው ወደ ጣለው ወደ ሌላ ክልል። ወላጆቹ ታች ይቀራሉ። በመካከላቸው ያለው ገመድ እንግዲህ ስልክ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሰዓቱ እንነጋገር፤ ብዙ ልጆች የሚያማርሩት በእርሱ ነውና። አባትዎ ከጧቱ በ12 ሰዓት ሲደውሉ የእርስዎን እንቅልፍ ንቀው አይደለም። ቆላ ላይ ፀሐይ ሳትከር ያልተጀመረ ሥራ እንደ ተጀመረ አይቈጠርም፤ 4 ሰዓት ሲሆን ምድሩ መጋል ይጀምራል፥ በ6 ሰዓት ሰውም ከብትም ጥላ ይፈልጋል። ስለዚህ 12 ሰዓት ለእርሳቸው ማለዳ አይደለም። ተነሥተው፥ ጸሎታቸውን አድርሰው ወይም ሰግደው፥ ሞፈሩን ከመሸከማቸው በፊት ያለችው ትርፍ ጊዜ ያች ብቻ ናት። እርሷንም ለእርስዎ ሰጡ። ማሽላው በሚያሸትበት ወራት ደግሞ ጥሪው ከማማ ላይ ሊመጣ ይችላል። ግሪሳ ወፍ ከመንጋዋ ጋር የምትመጣው በማለዳና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነውና ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ በማማው ላይ ይውላል፤ ማማው ከፍ ያለ ስለ ሆነም ኔትወርኩ ከቤት ይልቅ እዚያ ይሻላል። በንግግሩ መካከል «ሃይ! ሃይ!» የሚል ጩኸት ቢሰሙ የተቈጡት በእርስዎ ላይ አይደለምና አይደንግጡ።

እናት በጎሕ የምትደውልበት ሌላ ምክንያትም አላት፤ እርሱም ሕልም ነው። ሌሊት ክፉ ሕልም ያየች እናት እስኪነጋ ትገላበጣለች፤ እንደ ነጋ ትደውላለች። ሕልሙን ግን አትነግርዎትም። «እንዲያው ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው» ትላለች። ይህን ቃል የሰማ ልጅ «ድምፄን ለመስማት በ12 ሰዓት?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። እርሷ ግን የፈለገችውን አግኝታለች፤ ጥሪው ሥራውን ጨርሷል።

ቀጥሎ ስለ ጥያቄዎቹ። ከሮቢት የምትደውል እናት ከሰላምታው በኋላ ዘወትር የምትጠይቀው ስለ ብርዱ ነው። «ብርዱ እንዴት ነው? ደርበህ ነው ወይ የምትተኛው? ጋቢ ልላክልህ?» አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ በመጣችበት ጊዜ ምን ያህል እንደ በረዳት አትረሳውም፤ እርስዎ ዐሥር ዓመት ኖረው ብርዱን ቢለምዱትም በእርሷ ዘንድ ገና እየተንቀጠቀጡ ነው። ከዚያ «ምን በላህ?» ይመጣል። ከዚያ ወሬው ይቀጥላል፤ ዝናቡ ጣለ ወይም ቀረ፥ ማሾው ይህን ያህል ወጣ፥ የሽንኩርት ዋጋ ወደቀ፥ የጎረቤት ልጅ ታጨች፥ ላሟ ወለደች፥ እገሌ አረፉ፥ እገሌ ከዐረብ አገር ተመለሰች። በመጨረሻም ስልኩን የደወለችው ራሷ ሆና ሳለ «በል እንግዲህ ዝጋው፥ እንዳይቈጥርብህ» ትላለች። ሒሳቡ የሚቈጥረው በማን ላይ እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ ልጆች ሞክረዋል፤ የተሳካለት ስለ መኖሩ እንጠራጠራለን።

የተማረ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ፍሬ ነገር የለውም» ቢል አይፈረድበትም ይሆናል። ዳሩ ግን ወደ ጎረቤት አገር ጥቂት እንውረድ። የይፋት ቆላ በስተ ምሥራቅ ሲወርድ ከአፋር ምድር ጋር ይገናኛል፤ የይፋት አማራና አርጎባም ከአፋር ጋር በአንድ ገበያ ሲሸጥና ሲለውጥ የኖረ ሕዝብ ነው። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ጥንታዊ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች በበረሃ ሲገናኙ በሰላምታ ብቻ አይተላለፉም። ይቆማሉ፤ ጊዜ ካለ ጥላ ፈልገው ይቀመጣሉ። ከየት መጣህ፥ ምን አየህ፥ ምን ሰማህ፥ ዝናብ የት ጣለ፥ ሣሩ እንዴት ነው፥ መንገዱ ሰላም ነው ወይ እየተባባሉ አንዱ የያዘውን ሁሉ ለሌላው ያስረክባል። ያየውን ካየው፥ የሰማውን ከማን እንደ ሰማው ለይቶ ይናገራል። በዳጉ ሐሰት መናገር ትልቅ ነውር ነው፤ ምክንያቱም በሐሰት ወሬ ከብቱን ሣር ወደ ሌለበት የነዳ ሰው ከብቱን ያጣል። ጋዜጣና ራዲዮ ባልነበረበት ዘመን ወሬ ያን ሰፊ በረሃ በጥቂት ቀን ያቋርጥ የነበረው እንዲህ ነው።

አሁን የእናትዎን ጥሪ በዚህ ጆሮ ያድምጡት። «የሽንኩርት ዋጋ ወደቀ» ማለት ዘንድሮ የታናሽ እኅትዎ የትምህርት ወጪ አጠራጣሪ ነው ማለት ሊሆን ይችላል። «አባትህ ቤት ነው የዋለው» ማለት ዳኞችም ጠበቆችም ያላወቁት ጕዳይ ነው፤ በሥራ ወራት ቤት የሚውል ገበሬ ታሟል። «እገሌ አረፉ» ማለት ለቅሶ ለመድረስ ቢመጡ ወይም ቢደውሉ መልካም ነው፥ ባይመጡ ግን ስምዎ በዕድር ላይ ይነሣል ማለት ነው። በመሥሪያ ቤት ማኅተምና ቁጥር ያለበት ሪፖርት በየቀኑ የሚያነብ ሰው የዚህን ያህል ነገር የያዘ ሪፖርት በዓመት ስንት ጊዜ ያገኛል? (ይህን የጻፍነው የክፍል ኀላፊዎች እንዳያነቡት በመተማመን ነው።)

ስልክ ራሱ ወደ አገራችን የገባው ለእንዲህ ያለ ጨዋታ አልነበረም። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል በ1868 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1876) በአሜሪካ የፈጠራ መብቱን ካስመዘገበ ከዐሥራ አራት ዓመት ያህል በኋላ፥ በኋላ ራስ የሆኑት ደጃዝማች መኰንን ከጣሊያን አገር ሲመለሱ የስልክ መሣሪያ ይዘው መጡ። ከሽቦው ውስጥ የሚወጣውን ድምፅ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ነው ብለው እንደ ተቃወሙና ዐፄ ምኒልክ ግን እንዳልተቀበሏቸው ይነገራል። ከ1887 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮም ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር መዘርጋት ተጀመረ። ያ ሽቦ የመንግሥትና የንግድ ነበር፤ የገበሬ እናት ልጇን በልተሃል ወይ ብላ እንድትጠይቅበት የታሰበ አልነበረም። በ1945 ዓ.ም. የቴሌኮሙኒካሲዮን ቦርድ ከተቋቋመ በኋላ አገልግሎቱ ወደ አውራጃ ከተሞች እየሰፋ ቢሄድም፥ አንድ የቆላ ገበሬ ለልጁ ለመደወል ገበያ ወደሚውልበት ከተማ ወጥቶ፥ በስልክ ቤት ተራ ይዞ፥ ቁጥሩን ለኦፕሬተር ነግሮ፥ መስመር እስኪገኝ መጠበቅ ነበረበት። ለዚያውም ልጁ ስልክ ካለበት ቤት አጠገብ ከተገኘ ነው። ስለዚህ ስልክ ሲደወል ሁሉም ሰው ይደነግጥ ነበር፤ ለመርዶ ካልሆነ ማን ይህን ያህል ይደክማል?

ሞባይል በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲጀመርም የባለጸጋ ዕቃ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ግን የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች ከ80 ሚሊዮን በላይ መሆናቸው ተገልጿል። ከእነዚህ መካከል ፊደል ያልቈጠሩ ስንት እናቶች እንዳሉ ያስቡ። የልጃቸውን ቁጥር በፊደል ሳይሆን በቦታ ያውቁታል፤ «ከላይ ሁለተኛው» ይላሉ፤ ወይም የጎረቤት ተማሪ «ይህን ሁለት ጊዜ ተጫኚው» ብሎ ያስተማራቸውን አይረሱም። ሒሳብ ሲያልቅባቸው ደግሞ ሚስኮል አለ። አንድ ጊዜ ጠርቶ የተቋረጠ ሚስኮል «ደኅና ነኝ፥ ሲመችህ ደውል» ሲሆን፥ ተደጋግሞ የሚጮኸው «አሁኑኑ ደውል» ነው። ይህ ቋንቋ በየቤቱ ልዩ ልዩ ነውና የእርስዎን ቤት ሰዋስው እርስዎ ያውቁታል።

ስለ ቤል ካነሣን ላይቀር አንድ ነገር እንጨምር። የእኒህ ሰው እናት ጆሯቸው የማይሰማ ያህል ደክሞ ነበር፤ ሚስታቸውም ከልጅነታቸው ጀምሮ ደንቆሮ ነበሩ። ቤል በልጅነታቸው እናታቸውን ለማነጋገር አፋቸውን ወደ ግንባራቸው አቅርበው በዝግታ ይናገሩ ነበር ይባላል። እንግዲህ ለዓለም ሁሉ ስልክ የሰጡ ሰው ለእናታቸው መደወል አይችሉም ነበር። የሚሰሙ ወላጆች ያሉት ሰው ይህን አንድ ጊዜ ቢያስበው አይጎዳውም።

አሁን ስለ መሬት መንቀጥቀጥ እንናገር፤ የወላጅ ስልክ ዋጋ በይፋት ጎልቶ የሚታየው በእርሱ ነውና። ይፋት በስምጥ ሸለቆው ጠርዝ ላይ ያለ አገር ስለ ሆነ ምድሩ አልፎ አልፎ ይናወጣል። በግንቦት 1953 ዓ.ም. በካራ ቆሬ አካባቢ የደረሰው መንቀጥቀጥ በአገራችን ከታወቁት ከባዶቹ አንዱ ነው፤ የመጀቴ ከተማ ፈረሰች፥ በካራ ቆሬም ብዙ ቤት ወደቀ፥ የደሴም መንገድ ተጎዳ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ በአዳሪ ትምህርት ቤት የነበረ የመጀቴን ልጅ ያስቡት። ወሬውን ሰማ። ከዚያስ? ስልክ የለም። መንገዱ ተጎድቷል። ማድረግ የሚችለው ከደሴ በኩል መኪና በሚገባበት ስፍራ እየቆመ ከሚወርደው መንገደኛ ሁሉ «ከመጀቴ የመጣ አለ? እገሌን የሚያውቅ አለ?» ብሎ መጠየቅ፥ ወይም ደብዳቤ ጽፎ መልሱን መጠበቅ ነው። እናቱ በሕይወት ትኑር አትኑር ሳያውቅ ያድራል፤ ይማራል፤ ይፈተናልም።

ከስድሳ ሦስት ዓመት በኋላ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድሩ ለወራት ሲናወጥ ቆየ። በአፋርና በኦሮሚያ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ተነሣ። መስከረም 26 ቀን ማታ መንቀጥቀጡ እስከ አዲስ አበባ ተሰማ፤ በኮንዶሚኒየም ፎቆች ላይ መብራቱ ተወዛወዘ፥ ሰው በደረጃ ወደ ታች ሮጠ። ከዚያም በኋላ በተከታታይ ወራት ደጋግሞ ተሰምቷል። በእነዚያ ሌሊቶች ነዋሪው ገና ግቢ ውስጥ ቆሞ ሳለ ስልኩ መጮህ ይጀምር ነበር። የሚደውለው ማን ነው? ለመንቀጥቀጡ ይበልጥ ቀርቦ ያለው፥ ታች ቆላ ላይ ያለው ወላጅ ነው! ራሱ በሜዳ ላይ ቁርበት አንጥፎ ለማደር እየተዘጋጀ «ፎቅ ላይ ነህ? ውረድ! ውጭ እደር!» ይላል። ልጁ «እናንተስ?» ብሎ እስኪጠይቅ ድረስ ስለ ራሱ አይናገርም። ያ በ1953 ዓ.ም. መኪና መቆሚያ ላይ የቆመው ተማሪ የዚህን ጥሪ ግማሽ ደቂቃ ለማግኘት ምን ይሰጥ ነበር?

መስመሩ ዘወትር ያለ የሚመስለው ሰውም ይሳሳታል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ከሮቢት በስተ ሰሜን ያለችው አጣዬ በግጭት ስትቃጠል፥ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ የሰሜኑ ጦርነት ወደ ደቡብ ወርዶ ሸዋ ሮቢት ራሷ ለጥቂት ቀናት በትግራይ ኀይሎች እጅ በገባች ጊዜ፥ የይፋት ልጆች ስልክ ይዘው ስልክ ማጣት ምን እንደ ሆነ አወቁ። ውጊያ በደረሰበት አካባቢ ግንኙነቱ ይቋረጥ ነበርና ቁጥሩን ደጋግሞ የሚደውል ሁሉ የሚያገኘው ያችን የተቀዳች፥ ጨዋና ቀዝቃዛ ድምፅ ነበር፤ ደንበኛውን ማግኘት እንደማይቻል ነግራ፥ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ ብላ ትዘጋለች። ትንሽ የሚባለው ስንት ቀን እንደ ሆነ አትናገርም።

በትግራይ ደግሞ መከራው የቀን አልነበረም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ከክልሉ ውጭ ያሉ ልጆች ከወላጆቻቸው፥ ወላጆችም ከልጆቻቸው በስልክ ሳይገናኙ ኖሩ። አባቱ ያረፈበትን ቀን ከወራት በኋላ የሰማ ሰው አለ፤ የልጅ ልጅ መወለዱን ያላወቀች አያት አለች። ታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመንገደኛ በረራ ወደ መቀሌ እንደ ገና ሲጀመር፥ ተገናኝተው የተላቀሱትን ሰዎች ፎቶግራፍ ያላየ የለም። በዚያው ሰሞን መስመሩ ሲከፈት ብዙ ሰው ስልኩን በእጁ ይዞ ለመደወል ፈራ። ማን እንደሚያነሣ አያውቅማ። በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት በብዙ ስፍራ ለወራት ሲቋረጥ፥ በኢሞና በቴሌግራም የልጃቸውን ፊት ማየት የለመዱ እናቶች ወደ ድምፅ ብቻ ተመለሱ።

ኢሞን ካነሣን፥ ከይፋት ቆላ ወደ ዐረብ አገር የሄዱትን እኅቶቻችንን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም። ሳዑዲ ዐረቢያና ይፋት በሰዓት አንድ ናቸው፤ እዚህ ሲነጋ እዚያም ይነጋል። ዳሩ ግን በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ስልኳን የምታነሣው አሠሪዎቿ ሲተኙ ወይም ሲፈቅዱላት ነው፤ ስልኳን የምትነጠቅም አለች። ስለዚህ እዚያ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጥሪውን የምትጠብቀው እናት ናት። ስልኩን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ትተኛለች። በአዲስ አበባ ሆኖ የእናቱን ጥሪ የሚያፍን ወንድም፥ እናቱ በሌሊት ለምን ቶሎ ቶሎ እንደምታነሣ ያውቅ ይሆን?

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ጥሪውን ስላነሡት ብቻ አልሰሙትምና። የይፋት ወላጅ ስለ ራሱ ሲጠየቅ አንድ መልስ አለው፤ «ደኅና ነኝ፥ ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ ወባ ይዞት ሦስት ብርድ ልብስ ቢደርብም መልሱ ይኸው ነው። ክረምቱ ሲወጣ፥ ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ በቆላ ወባ ይበረታል፤ በዚህ ወራት «ደኅና ነሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ እንዳለመጠየቅ ነው። ይልቅስ «ዛሬ ምን ሠራሽ? ውሃውን ማን ቀዳ? እንጀራውን ማን ጋገረ?» ብለው ይጠይቁ። እናትዎ ስለ ራሷ ጤና ልትደብቅ ትችል ይሆናል፤ እንጀራውን ማን እንደ ጋገረ ግን ለመደበቅ አታስብም። «የጎረቤት ልጅ ጋገረችልኝ» ካለች ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ማድረግ የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ወባ ቶሎ ከታከመ የሚድን፥ ከዘገየ ግን የሚገድል በሽታ ነው። ስለ ገንዘብም እንዲሁ ነው። «አትላክ፥ እኛ ምን ጎደለን» ሲሉ የጎደለውን ለማወቅ ስለ ዘሩ፥ ስለ ማዳበሪያው፥ ስለ በሬው አንድ በአንድ ይጠይቁ። የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ ምን ያህል እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ሁሉን ሙሉ አንልም። ግን የበሬውን መታመም በወቅቱ የሰማ ልጅ በሬው ከሞተ በኋላ ከሰማው ልጅ የተሻለ ነገር ማድረግ ይችላል።

ድምፁንም ያድምጡ። በሌላ ቀን ረጅም ሰላምታ የሚያበዙ አባት ዛሬ በአጭሩ ከቈረጡት ነገር አለ። እናትዎ ብቻዋን ደጋግማ ከደወለችና «አባዬስ?» ሲሏት «ወጣ ብሏል» ካለች፥ ይህም ከምሽቱ በ3 ሰዓት ከሆነ፥ በቆላ ገበሬ በ3 ሰዓት ወዴት ይወጣል? በየዋህነት አይለፉት፤ «በይ ስልኩን ስጪው» ይበሉ።

በቀጠሮ መደወልም ይጠቅማል። በሳምንት አንድ ቀን፥ ማታ እራት ከተበላ በኋላ፥ እርስዎ ደዋይ ይሁኑ። ይህ ሲሆን የጎሕ ጥሪ ለሕልምና ለችግር ብቻ ይቀራል፤ እንቅልፍዎም ይተርፋል። በዚያ ጥሪ ላይ ጊዜ ካለ አባትዎን አያት ቅድመ አያቶቻቸውን እስከ ሰባት ቤት እንዲቈጥሩልዎ፥ ስለ መሬቱ ድንበርና ስለ ድሮው ገበያ እንዲያጫውቱዎ ይጠይቁ፤ አስፈቅደውም በስልክዎ ይቅዱት። የድሮ ተማሪ ከአባቱ የመጣለትን ደብዳቤ በሣጥን አስቀምጦ ይኖር ነበር። የዛሬ ጥሪ ግን እንደ ተዘጋ ይጠፋል፤ ካልቀዱት በቀር።

ሌላው ነገር መጨረሻው ነው። ብዙ ልጅ «እሺ እሺ፥ ቻው» ብሎ ቶሎ ይዘጋል። ምርቃቱ ግን የሚመጣው ከ«እንዳይቈጥርብህ» በኋላ ነው፤ «እደግ፥ ከክፉ ይሰውርህ፥ የሰው መውደድ ይስጥህ» እያለ ይወርዳል። የሚያስከትለው «አሜን» ካላገኘ ምርቃቱ መንገድ ላይ ይቀራል ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ጥቂት ይታገሡ።

ምርቃቱ አልቆ ዝም ካለም ቶሎ አይዝጉ። ብዙ የቆላ እናቶች ስልኩን የሚዘጉት ቁልፉን ተጭነው ሳይሆን መደቡ ላይ በማስቀመጥ ነው። መስመሩ ክፍት ይቀራል። ያን ጊዜ ስልክዎን በጆሮዎ ላይ እንደ ያዙ፥ ፍየሏ ስትጮህ፥ እሳቱ ሲንጣጣ፥ ደጁ ሲከፈት ይሰማሉ። ከዚያ ጎረቤት ትገባለች መሰለኝ «ማን ነው?» ስትል፥ እናትዎ ደግሞ ለእርስዎ ባልተናገረችበት ድምፅ «ልጄ ነው። አነሣልኝ» ስትል ይሰማሉ።